መዶሻ እጁን አስሮ የሄደበት መንገድ

አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ቄራ ሲሠራ ሥራው በሬ መጣል ነበር። ገመዱን በእግሮቹ መሀል አሾልኮ ሳብ ሲያደርገው፣ ያን የሚያህል ከብት ሲሚንቶው ላይ ዘጭ ይላል። ባለቢላዋዎቹ የሚደርሱት ከዚያ በኋላ ነው። ባልደረቦቹ "መዶሻ" ይሉታል፤ በሥራው ሳይሆን በቡጢው። የበረኛውን ሁለት ጥርስ በአንድ ምት አራግፎ፣ ተመልሶ ምሳውን ጨረሰ እያሉ ይስቃሉ። እኛ ቤት ግን ይኼ ወሬ አያስቅም ነበር።

ቤት ሲገባም እጁ አያርፍም። እናቴን በካውያ ፈንክቷታል። የቀበቶው ዘለበት ጀርባዬ ላይ የተወው ምልክት አሁንም አለ። ታላቅ ወንድሜን ደግሞ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቱ፣ በሩን ቶሎ አልከፈትክም ብሎ በጥፊ ሲያጮለው ግራ ጆሮው ደማ። እስከ ዛሬ በዚያ በኩል አይሰማም። በነጋታው ልብሱን በፌስታል ጠቅልሎ ወጣና በዚያው ቀረ።

እናቴ ከሞተች ወዲህ መዶሻ ተለወጠ ይላሉ። እኔ አረጀ ነው የምለው። ዘንድሮ ታዲያ፣ ተራራው አናት ላይ እስካለው የጸሎት ቤት የሚወስደውን የስድስት ቀን መንገድ ከልጆቼ ጋር በእግሬ ካልሄድኩ ብሎ ድርቅ አለ። ወንድሜን የለመንኩት እኔ ነኝ። ስንት ጊዜ እምቢ ካለኝ በኋላ፣ "ስድስቱንም ቀን በማንም ላይ እጁን ካላነሳ ልጄን አሳየዋለሁ። አንዴ ካነሳ ግን ለቀብሩም እንዳትጠሩኝ" አለኝ። ልጁ ሦስት ዓመቷ ነው። አባቴ በፎቶ እንኳ አይቷት አያውቅም።

አባቴ ራሱን ስለማያምን በየማለዳው ቀኝ እጁን በገመድ ከቀበቶው ጋር ያስራል። በግራ እጁና በጥርሱ፣ በቄራው ቋጠሮ፤ በሬው በታገለ ቁጥር እየጠበቀ በሚሄደው።

"አባዬ፣ ይኼ እኮ የከብት ነው። እንደ ሰው እሰረው" ብለው፣

"ሌላ አስተሳሰር መች አስተማሩኝ" አለኝ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት የተጓዦች ማደሪያው በእርጥብ ካልሲና በወገብ ቅባት ሽታ ታፍኖ ነበር። መታጠቢያው ጋ ተራ ስንጠብቅ አንድ ደንደሳም ተጓዥ አባቴን በክርኑ ገፈተረውና፣ "ሽማግሌ፣ ወይ ታጠብ ወይ ውጣ!" አለው። የአባቴ የአንገት ሥር ተገተረ። ገመዱ ሲንቋቋ በጆሮዬ ሰማሁ። አባቴ ግን ጥርሱን ነክሶ፣ ፊቱን ሳይታጠብ ወጣ። ወንድሜ አይቷል። መንገድ ስንጀምር የአባቴን ኮዳ ከትከሻው ላይ ወስዶ ራሱ ተሸከመው።

መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው። ተረከዜ ተልጦ ካልሲዬ ላይ ተጣብቋል። ወንድሜ እንደ ሌሎቹ ቀናት ሁሉ ደንቆሮ ጆሮውን ወደ አባቴ አድርጎ ይሄዳል። "አመቺ ጆሮ ነው ያለህ" ብዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አለ። አንድ ቀን ብቻ ቀርቶናል፣ አለፈልን ብዬ ነበር።

ከቀትር በኋላ ጫካው ውስጥ፣ ወንድሜ ከፊታችን ራቅ ብሎ ሲሄድ፣ ሁለት ሰዎች ከግራ በኩል ዱብ አሉብን። አንደኛው ዱላ፣ ሁለተኛው ቢላዋ ይዟል። ባለዱላው ወንድሜ ላይ ሲደርስ አባቴም እኔም እኩል ጮኽን፤ "በግራህ!" አልሰማም። ዱላው ማጅራቱ ላይ ሲያርፍ በፊቱ ተደፋ። ያን ጆሮ ማን እንደደፈነው ሦስታችንም እናውቃለን።

አባቴ ወደ ፊት ዘለለ። ልጅቷንም፣ ቃሉንም፣ ሁሉንም ረስቶ እጁን ሊሰነዝር መነጨቀ። ቋጠሮው ግን ሥራውን ያውቃል፤ በመነጨቀ ቁጥር ጠበቀ። ባለዱላው ወንድሜን በወደቀበት ይቀጠቅጠዋል፤ አባቴ ከገዛ ገመዱ ጋር ይታገላል። በመጨረሻ አጓራና በጭንቅላቱ ሄደ። ባለዱላውን ሆዱ ላይ መትቶት ተያይዘው ወደቁ። ባለቢላዋው የቦርሳዬን ማንገቻ ቆርጦ ቦርሳዬን ይዞ እግሬ አውጪኝ አለ።

ወንድሜ ተነስቶ ድንጋይ አነሳ። ሰውየው ደረት ላይ ተቀመጠና አፍንጫው ላይ አሳረፈበት። አልዋሽም፣ የመጀመሪያዋ ደስ አለችኝ። በሁለተኛዋ ጥርሱ ረገፈ። ከሦስተኛዋ በኋላ ሰውየው መከላከሉን ትቶ እጆቹን ዘረጋ። ወንድሜ አላቆመም። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ ከጠረጴዛ ሥር ተደብቄ አየው የነበረው ፊት ነው።

"በቃ! ልጄ፣ በቃ!" ይላል አባቴ። ማን ሰምቶት! በጉልበቱና በአንድ እጁ ድሆ ደረሰና ሰውየው ላይ ተደፋበት። የሚቀጥለው ድንጋይ ያረፈው የአባቴ ትከሻ ላይ ነው። አጥንቱ ቀጭ ብሎ ሲሰበር ሰማሁት።

ያኔ ወንድሜ መምታቱን አቆመ። ሰውየው ከሥራቸው ተንሸራቶ ወጣ፤ ደም እየተፋ፣ እየተንገዳገደ ጫካው ውስጥ ገባ። የተከተለው የለም። እኔ ፋሻ መቁረጫዋን መቀስ ከኪሴ አውጥቼ የአባቴን ገመድ በጠስኩት። እጁ ጠቁሮ አብጧል።

ወንድሜ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል፤ ደግሞ ይጠርጋል።

"እጁን ሰጥቶ ነበር። እያየሁት ማቆም አቃተኝ" አለ።

"አውቃለሁ" አለ አባቴ።

"አንተ እኛን ደብድበህ ስታበቃ እንቅልፍ ይወስድህ ነበር?"

መዋሸት ይችል ነበር። እኔ ብሆን እዋሽ ነበር።

"ይወስደኝ ነበር" አለ። "ለጥ ብዬ ነው የምተኛው።"

ወንድሜ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ድንጋዩ አጠገቡ ስለነበር ፈራሁ፤ በእግሬ ገፋ አደረግኩት። እሱ ግን መሬት መሬት እያየ፣ "ልንነሳ ሳምንት ሲቀረን ልጄ ወተት ደፋች" አለ። "አልመታኋትም። እጄን ግን አንስቼ ነበር። እሷም አይታኛለች።"

 

"ቤቴ ትመጣለህ" አለው አባቴን። "እሷን እንድታይ አይደለም፤ እኔን እንድታየኝ ነው። እጄን ሳነሳ ካየህ መሀል ትገባለህ። ሰማህ? እንደ ዛሬው ትገባለህ።"

አባቴ አለቀሰ። እናቴን ስንቀብር እንኳ እንባ አልወጣውም ነበር። ሐኪም ወዳለበት መንደር ገና የሁለት ሰዓት መንገድ ይቀረናል። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ አዘለው፤ እኔ ኮዳውን ይዤ ከኋላ ተከተልኩ።