ሁለቱ ተስፋይ ወልደገርጊስ

እጅጋየሁ አዲስ አበባ የተማረችው የላብራቶሪ ሙያ አሜሪካ ሲደርስ ዋጋ አጣ። ኦክላንድ ባለ አንድ ሆስፒታል አምስት ዓመት ብልቃጥ አጠበች። በአውቶቡስ ላይ እያነበበች የሙያ ፈቃድ ፈተናውን አልፋ ላይሰንሷን ስታገኝ ተንበርክካ አመሰገነች።

ሦስት ዓመት ሠራች። በፈረንጆች 1987፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለት የደም ቲዩቦች መጡላት። ሁለቱም ላይ ተስፋይ ወልደገርጊስ የሚል ስም አለ። የልደት ቀናቸውም ጃንዋሪ አንድ፤ ቀኑን ለማያውቅ ስደተኛ ሁሉ ቅጽ ላይ የሚሞላለት። ዓመቱ እንኳ አልተለየም። የሚለያቸው ከስሙ ሥር ያለው የታካሚ ቁጥር ብቻ ነበር። ፈረንጆቹ ባልደረቦቿ የሐበሻ ስም ስለሚከብዳቸው ሁልጊዜ ቁጥሩን ያነባሉ። እሷ ስሙን አነበበች፤ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ የተቀዳ መስሏት አንዱን መርምራ ደህና የሚለውን ውጤት ለሁለቱም ጻፈች።

ዓርብ ዕለት ሐኪም ደወለ። ደህና ነው የተባለው ተስፋይ ትናንት ሚልፒታስ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ላይ እንዳለ ወድቆ ሞቷል፤ ውጤቱን አረጋግጡልኝ አለ። እጅጋየሁ ሳትመረምር ካለፈችው ከሁለተኛው ቲዩብ ተጣርቶ ፍሪጅ የተቀመጠውን የደም ውሃ አውጥታ መረመረች። የፖታሲየሙ መጠን ልብ የሚያቆም ነበር።

አብሯት የሚሠራው አምሐ ውጤቱን ከጎኗ ቆሞ አየ።

«እጅግዬ፣ ጣይው። ደሙ እንደሆነ በሳምንቱ የሚጣል ነው፤ ዛሬ ቢጣል ማን ይጠይቅሻል?»

«ፈራሚዋ እኔ ነኝ።»

«ፊርማሽ ሙት ያስነሳል?»

«አያስነሳም።»

«ታዲያ ተመልሰሽ ብልቃጥ ልታጥቢ ነው?»

«እሱንስ በደንብ ነው የማጥበው።»

አምሐ አልሳቀም። እሷ አማተበችና መዝገቡን ከፈተች። የተሳሳተ ውጤት አይፋቅም፤ እንዲነበብ ሆኖ አንድ መስመር ይሰመርበታል፣ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፣ ይፈረማል። እንደዚያ አደረገች። ከዚያ ራሷን ለሙያው ኮሚቴ ሪፖርት አደረገች።

ከሳምንታት በኋላ ሳን ሆዜ ላይ የዳኟት ሦስት የኮሚቴው ሰዎች ሁሉም ላብራቶሪ ውስጥ ያረጁ ነበሩ።

«ቁጥሩን ለምን አላየሽም?» አለቻት አንዷ።

«ስሙን ዐወቅሁት።»

ሴትዮዋ መልሱን ጻፈች። ላይሰንሱ ለአንድ ዓመት ታገደ።

በማግስቱ የሟቹን ሚስት ኣስመረትን ፍለጋ ሄደች። በሩን ስትከፍትላት የሆነውን ሁሉ እንደቆመች ነገረቻት።

«አንቺ ነሽ?» አለች ኣስመረት።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

ኣስመረት የበሩን መቃን ያዘች። «ያን ቀን ደክሞኛል፣ ሥራ አልሄድም ብሎኝ ነበር። ምርመራህ ደህና ነው ተብሏል፣ አትስነፍ ብዬ ሰደድኩት። ይሄን ያህል ጊዜ እኔ ገደልኩት እያልኩ ነው የማድረው።»

«እርስዎ አይደሉም።»

«አዎ። አንቺ ነሽ።» እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ይቅር አልልሽም። አሁን አልችልም። ግን ይሄንኑ ለልጆቼ በአፍሽ ንገሪያቸው፤ እነሱም እኔን ነው ጥፋተኛ አድርገው የሚያዩት።»

እጅጋየሁ ጫማዋን አውልቃ ገባች።