ከመኪናው ፊት ያለው አግዳሚ

ባለቤቴ ቆቦ ላይ ልብስ ስፌት ሲከፍት፣ ከስፌት መኪናው በፊት ያስገባው አግዳሚ ወንበር ነበር። ስድስት ሰው የሚያስቀምጥ፣ ረጅም። በረንዳው ላይ ከመኪናው ፊት ለፊት አኖረው። በመጀመሪያው ዓመት ጨርቅ ያመጣለት ሰው ጥቂት ነበር፤ የሚቀመጥ ግን አልጠፋም። ከሮቢት፣ ከጎብዬ፣ ከዋጃ ለገበያ የመጣ ገበሬ ፀሐይ ሲበረታበት ያርፍበታል። ባለቤቴ ፔዳሉን ያቆምና ወሬ ይጠይቃል። ዝናብ በየት በኩል እንደ ጣለ፣ ማሽላው እንዴት እንደ ያዘ፣ የማን ግመል እንደ ጠፋ። ተናጋሪው ጋብ ሲል "ከዚያስ?" ይላል። የሰማውን ለሚቀጥለው ይነግራል። ጨርቅ አምጡ ብሎ አያውቅም።

"ሱቅ ነው የከፈትከው ወይስ የሽማግሌ ማረፊያ?" እለው ነበር።

"አንቺ ውሃ አቅርቢላቸው። ልጆቻቸውን ሲድሩ የት እንደሚያሰፉ ያኔ ታያለሽ።"

አየሁ። በሦስተኛው ዓመት የሰርግ ልብስ ከበረንዳው እስከ ጓዳ ሞላ። በእሱ ወሬ ግመሉን ያገኘ ሰውዬ ሰባት ቤት ዘመዱን ይዞ መጣ።

ባለፈው ዓመት ታሞ አረፈ። ስፌቱን አስተምሮኝ ስለነበር ከአርባው በኋላ መኪናው ላይ ተቀመጥኩ። ቤቱ እንዳይዘጋ ፈለግሁ፤ ድምፁ የቀረው እዚያ ብቻ ይመስለኛል። ሰው መጥቶ ሲቀመጥ፣ ቀና ሳልል "ምን ልስፋልዎ?" እላለሁ። ትንሽ ይቆይና ይነሳል። ከጥቂት ወራት በኋላ አግዳሚው አቧራ ለበሰ። ስፌቴ ከእሱ ያነሰ መስሎኝ የሰፋሁትን ፈትቼ ደግሜ ሰፋሁ። ሰው ግን አልተመለሰም።

አንድ የገበያ ቀን፣ ሽርጥ ያገለደሙ ሽማግሌ ከዋጃ መጥተው ተቀመጡ።

"ምን ልስፋልዎ፣ አባቴ?"

"ኧረ ልጄ! ገና መቀመጫዬ እንጨቱን ሳይነካ? ወሬ ሳትጠይቂኝ ሥራ ትጠይቂኛለሽ? ተነስ በይኝ እንጂ!"

ፔዳሉን አቆምኩ። ለካ ሰዉን ሁሉ ሳባርር ነው የከረምኩት። አፍሬ ወሬያቸውን ጠየቅሁ። ስለ ከብቱ፣ ስለ ውሃው፣ አማቻቸውን ስለ ረገጠችው በቅሎ እየሳቁ እስከ መጨረሻው ነገሩኝ።

"ያንቺስ ወሬ?"

"እኔ ምን ወሬ አለኝ ብለው ነው?"

"የእኔን ተቀብለሽ የራስሽን ልትደብቂኝ! ለመሆኑ ሰውየው የት ሄደ?"

መሞቱን አልሰሙም ነበር። ከተማው ሁሉ ስለሚያውቅ እስከዚያ ቀን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ለማንም ከመነሻው ተናግሬ አላውቅም። ነገርኳቸው። አልለቅ ስላለው ሳል፣ በመጨረሻው ቀን ጣቶቹ የአንሶላውን ጠርዝ እንደ ጨርቅ እየለኩ ስለ መዋላቸው። ዱላቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው "እህ... እህ..." እያሉ ሰሙኝ።

"አላህ ያጽናሽ። ይህን ለዋጃ እኔ አደርሳለሁ" ብለው ተነሱ። ምንም አላሰፉም።

በሚቀጥለው ገበያ ሦስት ሰዎች ሊያስተዛዝኑኝ ከዋጃ መጡ። ጨርቅ አልያዙም። አግዳሚውን ጠርጌ ውሃ አቀረብኩ፤ ስለ ዝናቡ ጠየቅኋቸው። አንደኛው ሲያወራ ቆይቶ ጋብ አለ። አራታችንም ወደ መኪናው ዞርን። የባለቤቴን ድምፅ ጠበቅሁ።

ከዚያ "ከዚያስ?" አልኩ።