ዋና ነርስ ያልኳት ሚስቴ

ውሸቱን የጀመርኩት መርካቶ ዱባይ ተራ፣ ሱቄ በር ላይ ቆሜ ነው፤ ያውም ማንም ሳያስገድደኝ። ከእኔ ፊት ለፊት ሻንጣ የሚሸጡ፣ ሁላችንም ሐጂ እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ አንድ ጠዋት ሰላም ብለውኝ፣ «የቤት ሰው እንዴት ነች? እዚያ አገር ሥራዋ ምንድን ነው?» አሉኝ። ሚስቴ ካናዳ ከገባች ገና ሦስት ወሯ ነበር። ባሏ የሞተባት አንዲት አሮጊት ቤት እያደረች፣ አሮጊቷን ታጥባለች፣ ታበላለች፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ ትሰጣለች። እኔ ግን አፌ ላይ እንደመጣልኝ «ነርስ ናት፣ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ» አልኳቸው። ሐጂ «ማሻአላህ!» አሉ። በማግሥቱ ተራው ሁሉ «ዋና ነርሷ እንዴት ናት?» ይለኝ ጀመር። «ዋና» የምትለዋን እኔ አልጨመርኳትም። ስትጨመር ግን ዝም አልኩ።

ለምን ዋሸሁ? አፈርኩ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። እኔ ብርድ ልብስና አንሶላ ነጋዴ ነኝ፤ ጥሩውን ከላይ፣ ቀለሙ የነጣውን ከሥር አድርጌ መደርደር ልማዴ ነው። ሚስቴ ከካናዳ በፊት ቤይሩት ሦስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች፤ ያኔም ለጠየቀኝ ሁሉ «ዘመድ ጋ ናት» ነበር መልሴ። በእኛ ሰፈር «ሚስቱ ሰው ቤት ተቀጥራ ነው» መባል ለባል ከባድ ነገር ነበር፤ በተለይ እንደ እኔ ሱቁ ጠባብ፣ ኩራቱ ሰፊ ለሆነ ባል።

ካናዳ ግን እንደ ቤይሩት አልነበረም። እዚያ በአሠሪው ቤት እያደረ አዛውንት ወይም ሕፃን የሚንከባከብ ሰው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሠራ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ባሉንም በዚያው ማመልከቻ ማስገባት ይችላል። ካናዳ ስትገባ ከተጋባን አራት ዓመት ሆኖን ነበር፤ በአንድ ጣሪያ ሥር የኖርነው ግን አሥራ አንድ ወር ብቻ ነው። ስለዚህ እነዚያ ሃያ አራት ወሮች ለእኛ ትዳራችን ራሱ ነበሩ። እሑድ እሑድ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ስትደውል፣ ወር ያለቀ እንደሆነ ከሰላምታው በፊት «አንድ ወደቀ!» ትለኛለች። እኔም «አንድ ወደቀ!» እላለሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም እንደ ልጅ እንስቃለን።

ውሸቷ ደግሞ አርፋ አልተቀመጠችም። ሰዉ የሚያመውን ሁሉ ይዞ ወደ ሱቄ መምጣት ጀመረ። ቁልፍና ዚፕ የምትሸጠው ጎረቤቴ ጨጓራዋን፣ የልብስ ቦንዳ የሚያወርደው ተሸካሚ ወገቡን፣ ሐጂ ማታ ማታ የሚያብጥ እግራቸውን «ለዋና ነርሷ ንገርልኝ» አሉኝ። የሁሉንም በካርቶን ክዳን ላይ ጽፌ እሑድ አነበብኩላት።

«አንተ ሰው፣ አበድክ እንዴ?» ጮኸችብኝ። «እኔ የምጠብቀው አንዲት አሮጊት ነው! ስለ ሰው ጨጓራ ምን አውቃለሁ?»

«ሐጂን ታዲያ ምን ልበላቸው?»

«ሐኪም ቤት ይሂዱ በላቸው!» አለችና ቀጥላ፣ «እግራቸው ነው ያልከኝ? የእኔም አሮጊት ያብጥባታል። ሐኪሟ በጀርባዋ ተኝታ እግሯን ከፍ አድርጋ እንድታሳርፍ ነው ያዘዛት። ሐኪም ካያቸው በኋላ እሱንም ይሞክሩት» አለችኝ።

ሐጂ ሐኪሙንም አዩ፣ እግራቸውንም ሰቀሉ። በሳምንቱ ጫማቸው ያለ ችግር ገባላቸው። ከዚያ ወዲያማ ተራችን ምሳ ከበላ በኋላ ሌላ ሥራ አልነበረውም፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውለው ነጋዴ ሁሉ በየሱቁ ወለል ላይ ጋደም ብሎ እግሩን ቦንዳ ላይ ይሰቅላል። አንድ ቀን ከክፍለ አገር የመጣ ገዢ ከሱቅ ሱቅ እየተዘዋወረ የተደረደረ እግር ብቻ ቢያይ ደንግጦ «ምን ሆናችሁ ነው?» አለ። ሐጂ ከወለሉ ሳይነሱ «ከካናዳ የታዘዘ ነው!» አሉት።

ሁለተኛው ዓመት ሲጋመስ አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ አገር ቤት ከደረጃ ወድቀው እግራቸው ተሰበረና አዲስ አበባ ሆስፒታል ገቡ። ከሆስፒታል ሲወጡ እስከ ጭናቸው ድረስ ጀሶ ተደርጎላቸው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከእኔ ቤት በቀር የሚያርፉበት አልነበረም። አሁን ጉድ ፈላ። በመጣንበት አገር ወግ አማት በአማቿ ፊት እህል አትቀምስም፤ ድንገት መንገድ ላይ ቢገናኙ እንኳ ተከናንባ ታልፋለች። እኔ አማቴን በስድስት ዓመት ውስጥ ያየኋቸው ከነጠላቸው ጫፍ እስከ ጫማቸው ነበር፤ ፊታቸውን አላውቀውም። የቀጠርኩላቸው ሴትዮ ደግሞ ምላሳቸውን አልቻለችውም፤ በሳምንቷ ጥላን ሄደች። ቤት ውስጥ እኔና እሳቸው ቀረን።

«አንተ ታገላብጣቸዋለህ» አለች ሚስቴ በስልክ። «በየሁለት ሰዓቱ። አለዚያ ጀርባቸው ይቆስላል።»

«እኔ? እማማን?»

«እኔ የማላውቃትን ሴት እዚህ አገላብጥ የለም እንዴ? ስማ፣ እንዳትጎትታቸው። አንሶላ አጥፈህ ከሥራቸው አንጥፍና በአንሶላው አዙራቸው። በጉልበታቸው መሃል ትራስ አድርግ። ተረከዛቸውን በየቀኑ እይ፣ ቀላ ካለ ንገረኝ።»

አንሶላ ሲባል ልቤ ትንሽ መለስ አለ፤ ቢያንስ ዕቃውን አውቀዋለሁ። እማማም ብዙ አስበው አንድ መላ ፈጠሩ። እኔ ስገባ እሳቸው ነጠላቸውን ከአናታቸው እስከ አገጫቸው ይከናነባሉ፤ እኔ ደግሞ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። እሳቸው እኔን አያዩ፣ እኔ እሳቸውን አላይ፤ እንዲህ ሆነን «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብዬ አዞራቸዋለሁ። ሲያማቸው የሚናገሩት ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው ነው። «አንተ ግድግዳ፣ ለዚህ ሰውዬ ቀስ በል በለው!» ይላሉ። እኔም ለግድግዳው «እሺ በላቸው» እላለሁ።

ቤቴ ከሱቄ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። በየሁለት ሰዓቱ ሱቁን ለሐጂ አደራ ብዬ፣ በተሸካሚዎችና በጋሪዎች መሃል እየተሹለከለክሁ ስሮጥ፣ ቁልፍ ሻጯ «የዋና ነርሷ ረዳት መጣላችሁ፣ አሳልፉት!» እያለች ታስቅብኛለች። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ጀምሮ ነበር። ጀርባቸው አንድም ቀን አልቆሰለም። በአምስተኛው ወር እማማ ዱላ ይዘው ከአልጋቸው እስከ በሩ ሲራመዱ፣ ሱቅ የከፈትኩ ቀን እንኳ እንደዚያ አልተደሰትኩም።

ሚስቴ ሃያ አራት ወሯን ጨርሳ ማመልከቻዋን አስገባች። ብዙ ከጠበቅን በኋላ እኔ ለቃለ መጠይቅ ካናዳ ኤምባሲ ተጠራሁ። አዲስ ሱፍ ልብስ ለበስኩ፣ ክራባት አሰርኩ፣ ሽቶ ተቀባሁ። ጠያቂው ናይሮቢ ካለው ቢሮአቸው የመጣ ትሑት ራሰ በራ ሰው ነበር፤ አጠገቡ ወጣት አስተርጓሚ ተቀምጣለች። የት ተዋወቃችሁ፣ ሠርጋችሁ የት ነበር፣ ሁሉንም መለስኩ። ከዚያ «ባለቤትህ ካናዳ ውስጥ ሥራዋ ምንድን ነው?» አለኝ።

ፈጣሪ ያውቃል፣ እውነቱን ልናገር ነበር አፌን የከፈትኩት። ግን ሱፉም፣ ክራባቱም፣ የሁለት ዓመት ልማዴም ተረባረቡብኝና «ዋና ነርስ ናት፤ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ። ብዙ ሰው በሥሯ አለ» አልኩ። አስተርጓሚዋ ቀና ብላ አየችኝና ተረጎመችው። ሰውዬው ፋይሉን ገልጦ ለረጅም ጊዜ አነበበ።

«እዚህ ያለችው ሴት ነርስ አይደለችም» አለ። «ይህችን ሴት በእርግጥ ታውቃታለህ?»

በሠላሳ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማብራሪያ እንድሰጥ፣ ካልሆነ ማመልከቻው ውድቅ እንደሚሆን የሚል ደብዳቤ ይዤ ወጣሁ።

ያን ቀን እሑድ ባይሆንም ደወልኩላት። ሁሉንም ነገርኳት። እንደምትጮህብኝ ነበር የጠበቅኩት፤ አልጮኸችም።

«አፈርክብኝ እንዴ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

ክራባቴን ላላ አደረግኩ።

«ይህን በር የከፈተልኝ እኮ ሌላ ነገር አይደለም፤ አሮጊቷን ማጠቤ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጎንበስ ብዬ ያጠብኩት እግር ነው አንተን ወደ እኔ የሚያመጣህ። አንተ ደግሞ እሱኑ ደበቅከው።»

አለቀሰች። እኔም በዚያ ክራባቴ አለቀስኩ። «ምን ላድርግ?» ስላት፣ «እውነቱን ጻፍ። ትዳራችንን የሚያውቁ ምስክሮች ያስፈልጉሃል፤ ለእነሱም እውነቱን ንገራቸው» አለችኝ።

ለካ እማማ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲሰሙ ነበር። ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው ቀጥ ብለው አዩኝ። የሚስቴ ዓይን ነው ያላቸው።

«አንተ ልጅ፣ እኔን ያደረግኸኝ ምንድን ነው?» አሉኝ፤ ለግድግዳው ሳይሆን ለእኔ።

«ምን አደረግኩዎት እማማ?»

«ጦርከኝ! ልጄስ ያቺን የሰው አገር እናት ምን አደረገቻት? ጦረቻት። ነርስ ነርስ ትላለህ! በል ሂድና ጻፍ።»

በማግሥቱ የጻፍኩትን ማብራሪያ ይዤ ሐጂ ሱቅ ገባሁ። ነገር ሸቶት ነው መሰል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተከታትሎ ገባ። ሳላቋርጥ ተናገርኩ፤ ነርስ እንዳልሆነች፣ ሆስፒታልም እንደሌለ፣ ሰው ቤት እያደረች አንዲት አሮጊት እንደምታጥብ። ስጨርስ ሐጂ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አሮጊቷ ልጅ የላትም?» አሉኝ።

«አሏት ሐጂ፤ ሩቅ ናቸው።»

«ስማኝ። እኔ ሰባት ልጅ ወልጄ፣ በስተርጅና ጧሪ እንዳታሳጣኝ እያልኩ በየሶላቴ አላህን እለምናለሁ። አንተ ወላሂ ጧሪ አግብተህ ትደብቃለህ? ስጠኝ ወረቀቱን!»

መጀመሪያ እሳቸው ፈረሙ። ቁልፍ ሻጯ እስክሪብቶውን ተቀብላ «እና የእኔን ጨጓራ ሲያክም የከረመው ማን ነው ልትለኝ ነው?» ብትል ሳቁ ፈነዳ። እኔም ሳቅኩ፤ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ሁሉ በዚያ ሳቅ ወጣልኝ። አሥራ አንድ ሰው ፈረመልኝ። እማማም ቤት ሆነው አውራ ጣታቸውን አኖሩበት፤ ያውም እንዳይደበዝዝ ሁለት ጊዜ።

ማብራሪያውን ካስገባሁ በኋላ ሁለተኛ ተጠራሁ፤ ሹራቤን ለብሼ ሄድኩ። ያው ራሰ በራ ሰው ያችኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። «አንዲት አሮጊት ትጦራለች» አልኩና ማን ያስቁመኝ። ስንት ሰዓት እንደምትነሳ፣ አሮጊቷ ሬዲዮ ካልተከፈተላት ገንፎዋን እንደማትበላ፣ የግራ ተረከዟ ቶሎ እንደሚቀላ፣ ሲመሽ የሞተ ባሏን እንደምትጠራና ሚስቴ እጇን ይዛ እንደምታስተኛት፣ ሁሉንም ነገርኩት። ሰውን ሳይጎትቱ በአንሶላ ማዞርን ስነግረው በደንብ አልገባው ቢለኝ፣ ተነስቼ የራሱን ኮት ከወንበሩ ላይ ወስጄ ጠረጴዛው ላይ አዞርኩለት። አስተርጓሚዋ መተርጎሟን ትታ ትስቃለች። ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ይበቃል፤ ታውቃታለህ» አለኝ።

ከወራት በኋላ አንድ እሑድ ስልኩ ጠራ። እማማ በዚያን ጊዜ ድነው፣ በራሳቸው እግር አውቶቡስ ተሳፍረው ታናሽ ልጃቸው ጋ አገር ቤት ገብተዋል። ሚስቴ ሰላምታም አልሰጠችኝ።

«ወረቀቱ መጣ! የእኔም፣ የአንተም!»

ብርድ ልብሱ ላይ ዘፍ አልኩ። ከእንግዲህ በአሠሪ ቤት ማደር ግዴታዋ እንዳልሆነ፣ ያሻት ቦታ መኖር፣ ያሻት ዘንድ መሥራት እንደምትችል በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። አንዲት ክፍል ተከራይታለች። አሮጊቷን አልተወቻትም፤ ጠዋት ትሄድላታለች፣ ማታ ቤቷ ትገባለች። «ቁልፌን ስማው!» ብላ ስልኩ ላይ አንቀጫቀጨችው። በስድስት ዓመት የስደት ኑሮዋ የራሷን በር ስትከፍት የመጀመሪያዋ ነበር። አንቀጭቅጪው እያልኩ ሦስት ጊዜ ሰማሁት።

«ደግሞ አንድ ነገር አለ» አለችኝ። «የአሮጊቷ ጎረቤት አባቱ አልጋ ላይ ውለዋል። ጉልበት ያለው፣ ሥራውን የሚያውቅ ወንድ ይፈልጋል። ባሌ ሊመጣ ነው አልኩት። ምን ሲሠራ ነው የኖረው አለኝ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ በስሟ የቀባጠርኩት ሁሉ ትዝ አለኝ። «ምን አልሽው? ነጋዴ ነው አልሽው?»

«ኧረ! እናቴን ሲጦር ነው የኖረው አልኩት።»

«እና ምን አለሽ?» አልኳት።

«መቼ ነው የሚደርሰው አለኝ።»