ንፋስ የሚያስገባ ቤት

ባለፈው ሳምንት ከትልቋ ልጄ ጋር የኪራይ ቤት ፍለጋ አዳማን ስንዞር ዋልን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ደላላው የአንዱን ቤት በር ከፍቶ ገና ሳንገባ፣ "ማዘር፣ ይሄኛው ንፋስ እንደ ልብ ነው የሚያስገባው" ሲለኝ ሳቄ አመለጠኝ። ልጄ "እማዬ፣ ምን ሆነሻል?" አለችኝ። ምን ልበላት? የዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ ንፋስ የሚያስገባ ቤት ትዳሬን ለጥቂት ሊያፈርስብኝ እንደነበር በደላላ ፊት አይወራም።

የናዝሬት ሰው፣ እኔ እንኳ አሁንም አፌ ላይ የሚቀድመው ናዝሬት ነው፣ ቤት ሲከራይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ውሃና መብራት እንዳይመስላችሁ። መስኮቱ በየት በኩል ነው? ንፋሱ ከየት ይመጣል? ይሄንን ነው የሚጠይቀው። ሽፈራውና እኔ ልንጋባ ስንል ሦስት ቤት አይተን ሦስቱንም ያስቀረሁት እኔ ነኝ። "ይሄማ ምድጃ ነው! እዚህ አስገብተህ ልትጠብሰኝ ነው?" እለዋለሁ። ሽፈራው ነገር አያበዛም፤ እሺ ብሎ ወደሚቀጥለው ቤት ይወስደኛል።

ሁለታችንም ከመምህራን ማሰልጠኛ የወጣን አዳዲስ አስተማሪዎች ነበርን። በተጋባን በሦስተኛው ወር ምደባችን ባሌ፣ ዲንሾ ሆኖ አረፈው። የት እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር። እናቴ "ልጄን ብርድ ሊገድልብኝ ነው" ብላ አለቀሰች። ሽፈራው ቤት ሊያዘጋጅ ሁለት ሳምንት ቀድሞኝ ሄደና ደብዳቤ ላከልኝ። የደብዳቤው ቁም ነገር አንድ ነው፤ ደስ የሚልሽ ቤት አግኝቻለሁ፣ ነይ።

ወሩ ነሐሴ ነበር። አውቶቡሱ ቆቃን አለፈ፤ ዝዋይ ላይ የተጠበሰ አሳ በመስኮት ገዝቼ ጣቶቼን እየላስኩ ቀጠልኩ። እስከ ሻሸመኔ ድረስ ሙሽራ ነኝ። እዚያ አድሬ በማግስቱ ሌላ መኪና ስይዝ ግን ነገሩ ተለወጠ። ዶዶላን አልፈን ወደ አዳባ ስንቃረብ ሹራቤን ደረብኩ፤ ቀጥሎ ነጠላዬን፤ ቀጥሎ ከሻንጣዬ የአልጋ ልብስ አውጥቼ ተከናነብኩ። አጠገቤ የነበሩት ሰውዬ በጋቢያቸው ተጀቡነው በአዘኔታ ያዩኛል።

ሽፈራው ፊቱ በደስታ እያበራ ተቀበለኝና ሻንጣዬን ተሸክሞ ወደ ቤታችን ወሰደኝ። ከሰው ሁሉ ተነጥሎ ጉብታ አናት ላይ የቆመ ቤት ነው። አራት መስኮት! በሩን ሲከፍተው ንፋሱ ቀድሞን ገባ።

"እንዴት ነው?" አለኝ።

ጥርሴ ከጥርሴ እየተጋጨ የአልጋ ልብሴን ይበልጥ ተከናነብኩ።

ወይ ያ ቤት! ባልዲ ውስጥ ያደረው ውሃ እጅ ይቆርጣል። ክብሪት ስትጭር ይጠፋል፤ ወጡ ከምድጃ ወርዶ ሳህን ላይ እስኪደርስ ይረጋል። መስኮቶቹን በካርቶን ብንደፍናቸው ንፋሱ በጣሪያው መጣ። ሽፈራው ያስላል፤ እኔ በሳሉ ሳይቀር እናደዳለሁ። በአራተኛው ቀን አላስቻለኝም።

"ከዚህ ሁሉ ቤት ይሄን የመረጥከው ልትቀጣኝ ነው?" አልኩት።

የወደቀውን ካርቶን አንስቶ መስኮቱን መድፈን ጀመረ። ይሄ ይበልጥ አበገነኝና እኔም ከዚያ በኋላ አላናገርኩትም።

በሰባተኛው ቀን እሱ ተማሪ ሊመዘግብ ሲወጣ፣ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁና ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። ሥራውም ይቅርብኝ፣ ባሉም ይቅርብኝ ብዬ ቆርጫለሁ። የሻሸመኔው መኪና እስኪሞላ መንገድ ዳር ቆሜ ሳለ አዴ ዘይነባ መጡ። ከጉብታችን ሥር የሚኖሩ፣ ወተት የምንገዛቸው አሮጊት ናቸው።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ወዴት ነው?" አሉኝ ሻንጣዬን እያዩ።

"እናቴ ዘንድ። ብርዱ ሊገድለኝ ነው፣ አዴ።"

"ታዲያ እዚያ ቤት ማን ግቡ አላችሁ? እኛ እኮ ገለባ ነው የምናስቀምጥበት።"

"ባሌን ይጠይቁት!"

"ጠይቄዋለሁ እንጂ!" ብለው ሳቁ። "ከከብቶቼ ጋር ግድግዳ የምትጋራ ሙቅ ክፍል አለችኝ፣ እሷን ውሰድ አልኩት። እምቢ አለ። ሚስቴ የናዝሬት ልጅ ናት፣ ንፋስ ከሌለ ትታፈናለች፣ ትታኝ ትሄዳለች አለኝ። ያ ረቢ! እስክትመጣ ድረስ እንኳ እኔ ጋ እደር ስለው፣ ቤቱን ቀድሜ ልልመድላት ብሎ ሁለት ሳምንት ሲንቀጠቀጥ ከረመ። ሳሉን ከየት ያመጣው መሰለሽ?"

ሻንጣዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ለካ ቤቱን የመረጥኩት እኔው ነኝ!

"ታዲያ ለምን አልነገረኝም?" አልኳቸው።

"ምን ብሎ? አንቺ ነሽ ጥፋተኛዋ ብሎ?"

መኪናው ሞልቶ ክላክሱን አጮኸ። አልሄድኩም። ሻንጣውን በአንድ በኩል አዴ፣ በሌላው እኔ ይዘን ወደ ሙቋ ክፍል ወረድን። ሽፈራው ሲመለስ መንገድ ላይ ጠብቄ "ቤት ቀይረናል" አልኩት፤ ሌላ አልጨመርኩም። አዴ ያመጡልንን ጭኮ፣ ቅቤ የጠጣውን ገብስ፣ በትኩስ ወተት እያወራረድን በላን። በግድግዳው ማዶ ላሞቹ ያመሰኳሉ። ዲንሾ ስድስት ዓመት ኖርን፤ ሁለቱም ልጆቼ የተወለዱት እዚያ ነው።

ጥዬው ልሄድ እንደነበር ግን ለሽፈራው ነግሬው አላውቅም። አፍሬ ነው። ባለፈው ሳምንት ከቤት ፍለጋው ስመለስ በረንዳው ላይ ፓፓያ ሲልጥ አገኘሁትና፣ ምን እንዳደፋፈረኝ እንጃ፣ አወጣሁት።

"ዲንሾ እያለን አንድ ቀን ትቼህ ልሄድ ነበር። መኪናው ጋ ደርሼ ነው የተመለስኩት።"

ቀና እንኳ አላለም። "አውቃለሁ" አለኝ።

"ማን ነገረህ?"

"ማንም። ሦስት ቀን ሙሉ ስትዘጊኝ ገባኝ። ያን ዕለት ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ሾፌሩን አገኘሁትና፣ ሚስቴ ከመጣች ጋቢና አስቀምጥልኝ፣ ከኋላ ይበርዳታል አልኩት።"

"አትሂጂ ብትለኝ ምን ነበረበት?" ብዬ ጮኽኩበት።

"በምን አፌ? ብርዱን እኔም ቀምሼዋለሁ እኮ።"

ስድሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ በገዛ ባሌ ፊት እንደ አዲስ ሙሽራ አንገቴን ደፋሁ። ይሄን ሁሉ ዘመን፣ የዚያን ቀን ሳልሄድ መቅረቴን እኔ ለሱ ያደረግኩለት ውለታ አድርጌ ይዤው ነበር።