የዳማው ፈረስ ጭራ

ይህን ነገር ስድስት ዓመት ሙሉ ለማንም ሳልናገር ኖሬአለሁ። ከተማ ለምትኖረው ሚስቴ አልነገርኋትም። ለንስሐ አባቴም በየዓመቱ ከንፈሬ ላይ እየደረሰ መልሼ ውጬዋለሁ። «ሌላስ ልጄ?» ሲሉኝ «ሌላ የለም አባ» እያልሁ መስቀላቸውን ስሜ ተነሥቻለሁ። ነበረ እንጂ! አሁን ሁለት ሽማግሌዎች ያውቁታል፤ ከእነርሱ ቀጥሎ የምትሰሙት እናንተ ናችሁ። ጽፌ ሳልጨርስም ከዚህ ወንበር አልነሣም።

እኔ በግሼ፣ ከራቤል በእግር አንድ ሰዓት በምታስኬድ መንደር የሒሳብ መምህር ነኝ። የምኖረው ጋሽ ደምሴ በሚባሉ ገበሬ ግቢ፣ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ሌላው መምህር ከሥራ ሲወጣ ካርታ ይጫወታል ወይም ጠላ ቤት ይገባል። እኔ ወታደር እሠራለሁ። ቁመቱ ከክብሪት እንጨት የማይበልጥ ወታደር። አጥንቱ ከአሮጌ ጎማ የወጣ ሽቦ ነው፤ ሥጋው በሙጫ የተቦካ ሸክላ፤ ልብሱ ከበር ቀለም የተረፈ ዝቃጭ። ቀዩን የማገኘው ከጥፍር ቀለም ስለሆነ ባለሱቋ ብልቃጡን በሰጠችኝ ቁጥር «ለየትኛዋ ነው መምህር?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ሠራዊቴ የየትም አገር አይደለም፤ ባንዲራውን ራሴ ነው የፈጠርሁት። እንደ እኔ ያለ ሱስ የያዛቸው፣ በስልክ የተዋወቅኋቸው ጥቂት ሰዎች አሉ። ፎቶ እንለዋወጣለን፤ በዓመት አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ተገናኝተን በማስመሪያ እየለካን፣ ዕጣ እየጣልን ጠረጴዛ ላይ እናዋጋቸዋለን።

የዚህ ሥራ ትልቁ ጥበብ ማስረጀት ነው። ቀለም መቀባት ማንም ይቀባል። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ አዲሱን ነገር መንገድ የበላው፣ ዝናብ የመታው ማስመሰል ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ከምስማር ላይ ዝገት ፍቄ ጎራዴውን አዝገዋለሁ። ከገብስ ማሳ ያመጣሁትን አፈር ነፍቼ ቦት ጫማውን አጨቀያለሁ። በኩራዝ ጥላሸት ፊቱን አጠቁራለሁ። በዚህ እጄ እኮራ ነበር፤ ልክ ባጣ ኩራት እኮራ ነበር።

አርባ ፈረሰኞች ጨርሼ ፎቷቸውን የላክሁ ጊዜ ግን አንዱ ጓደኛችን «ሰዎቹ ከጦር ሜዳ መጥተዋል፤ ፈረሶቹ ግን ከሱቅ ነው የመጡት» ብሎ ጻፈ። ጭራቸው የልብስ ስፌት ክር ነበር። ሁሉም ሳቁ። እውነቱን ስለሆነ አንጀቴ አረረ። ክሩን አፈር ቀባሁት፣ ጥላሸት ቀባሁት፤ ወይ ፍንክች! ክር ክር ነው።

የጋሽ ደምሴ ዳማ ፈረስ ደግሞ በመስኮቴ ፊት ታስሮ ይውላል። ጭራው ሥሩ ላይ ጥቁር፣ ወረድ ሲል ቡናማ፣ ጫፉ የጓሳ ብርድና ፀሐይ የጨረሰው አመድማ ነው። እኔ በሳምንት ልሠራው ያቃተኝ እርጅና እዚያ ተንጠልጥሏል፤ ፈረሱ ዝንብ ያባርርበታል። ብለምናቸው ጋሽ ደምሴ አንድ እፍኝ ይከለክሉኝ ነበር? አይከለክሉኝም ነበር። ታዲያ ለምን አልለመንሁም? አፈርሁ። «መምህር አሻንጉሊት ይሠራል» እንዳይባል አፈርሁ። የሰው ክብር የነካሁት የራሴን ለመጠበቅ ነው፤ ከዚህ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጥምቀት ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው መንደሩ በሙሉ ለቅሶ ወጣ። እኔ ትምህርት ቤት ሥራ አለብኝ ብዬ ቀረሁ። እኩለ ቀን ላይ መቀሴን ይዤ ወደ ፈረሱ ሄድሁ። የፈለግሁት ከውስጥ በኩል፣ የማይታይ፣ አንድ ጣት የሚሞላ ብቻ ነበር። ቆረጥሁ። ቀና ብዬ ሳየው በግራ በኩል ጎደለ። ላስተካክል ብዬ ከቀኝ ቆረጥሁ። ቀኙ አጠረ። እንደገና ከግራ። ፈረሱ የዋህ ነው፤ ዞር ብሎ አየኝና ገለባውን ቀጠለ። ማቆም የማይችል እጅ አለኝ፤ ሥዕልም ሲበላሽብኝ የምነካካው አብዝቼ ነው። ልብ ስል የቀረው ጎልዳፋ ጉቶ ነበር። ያን ሁሉ ጭራ ሰብስቤ በጠመኔ ካርቶን ውስጥ ደበቅሁት።

ጋሽ ደምሴ ከለቅሶ ሲመለሱ በመስኮት አየኋቸው። አልጮኹም። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው የፈረሱን ኋላ አለበሱት።

በእኛ አገር የሰው ፈረስ ጭራ መቁረጥ ባለቤቱን በአደባባይ ማዋረድ ነው። ጠላት እንጂ ሌባ አያደርገውም። ስለዚህ ጭራውን ፈልጎ የወሰደ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ የተፈለገው የደምሴ ጠላት ነው። ሽማግሌዎች ሕዝቡን በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለአውጫጭ ጠሩ። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪገኝ የሚጠየቅበት ሸንጎ ነው። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። መምህሩ እያለ ሌላ ማን ይጽፋል? ጸሐፊ ስለሆንሁም «አንተስ?» ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ጋሽ ጥላሁን የሚባሉ ሰው ነበሩ። የጋሽ ደምሴ ጓደኛ ብቻ አይደሉም፤ መቀናጆዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ በሬ ስላላቸው ሁለቱን ጠምደው የሁለቱንም መሬት በተራ ያርሳሉ። ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ እንዲህ ኖረዋል። ጋሽ ጥላሁን ቀልደኛ ናቸው፤ ያልተረቡት ሰው አልነበረም፣ ቄሱም አልቀሩላቸው። ከዚያ በፊት በነበረው የማኅበር ጠበል ጠዲቅ ላይ ጋሽ ደምሴ ፈረሳቸውን ሲያሞግሱ «ተው ደምሴ፣ ጭራውን ቢቆርጡት ከእኔ ሙክት አይለይም» ብለው ቤቱን በሳቅ አፍርሰውታል። ጋሽ ደምሴ ራሳቸው ዕንባቸው እስኪፈስ ነበር የሳቁት። በለቅሶው ቀን ደግሞ ጋሽ ጥላሁን እግራቸውን አሟቸው ቤት ውለዋል።

በአውጫጩ ሰዉ አንድ በአንድ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» እያለ አለፈ። ነገሩ ሳይገኝ ሊበተን ነበር። ዝም ብል ያበቃ ነበር። እኔ ግን ፍርሃት ይዞኛል፤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ያን ቀን እንዳላየኝ ቢናገርስ? ከወረቀቴ ቀና አልሁና «በማኅበሩ ላይ የተባለው ነገርስ ይጻፍ?» ብዬ ጠየቅሁ። ይህችን ብቻ ነው ያልሁት። ጥላሁን አላልሁም፤ ስም አልጠራሁም። እንዴት ያለ ጨዋ ጥያቄ ነው! ቃላቷን መርጬ፣ ድምፄን ለስልሼ፣ አንድን ንጹሕ ሰው በእርሷ ገፋሁት።

የሙክቱ ቀልድ ሁሉንም ትዝ አላቸው። ሽማግሌዎቹ ጋሽ ጥላሁንን ማል አሏቸው። ተነሡና ወደ ጓደኛቸው ዞረው «እኔ አልምልም። እኔ አድርጌው እንደሆነ ደምሴ ይናገር፤ እሱ ያውቀኛል» አሉ። ጋሽ ደምሴ መሬት መሬት አዩ። እኔም ጻፍሁ፦ «ጥላሁን መሐላ እንቢ አለ።» የእጅ ጽሑፌ ያምራል፤ ያን ቀንም አምሮ ነበር።

ይቅርታ ጠይቅ ተባሉ። «ያላደረግሁትን?» ብለው ጥለው ወጡ። በሬዎቹ ተለያዩ። ጋሽ ደምሴ የሰው በሬ እስኪያገኙ የበልጉ ዘር ዘገየ፤ ገብሳቸውን ውርጭ መታው። ጋሽ ጥላሁንን ልጆች ሳይቀሩ «ጭራ ቆራጩ» ይሏቸው ጀመር። በዓመቱ መሬታቸውን ምርቱን ለሚካፈል አራሽ ለእኩል ሰጥተው መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ወዳገባች ልጃቸው ወረዱ። ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ። ዕቃቸውን መኪና ላይ ሲጭኑ አግዣቸዋለሁ! «እግዜር ይስጥህ መምህር» ብለውኛል።

እኔስ? ጭራውን ለአርባ ፈረሶቼ ተከልሁና ፎቶውን ላክሁ። «አሁን ከጦር ሜዳ መጡ!» አሉኝ። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ ብሎኛል፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

ባለፈው ወር ጋሽ ደምሴ ታመሙ፤ አልጋ ላይ ዋሉ። አንድ ቀን ከሰዓት አስጠሩኝና «መምህር፣ የመጨረሻ ቃሌን ጻፍልኝ» አሉኝ። መሬቱን ለልጆቹ አከፋፈሉ፤ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠውን በግ ተናገሩ። ጻፍሁ። ከዚያ ትንፋሻቸውን ሰብስበው «ጥላሁን ቀብሬ ላይ እንዳይቆም። ይህንንም ጻፍ» አሉ።

«ጥላሁን» ብዬ ጽፌ እጄ እንቢ አለኝ። አንዴ ጽፌበታለሁ፤ ሁለተኛ፣ እስከ መቃብር የሚከተል ነገር ልጽፍበት ነው? አልጽፍም አልሁ፤ ለራሴ ሳይሆን ጮክ ብዬ። ክፍሌ ሄጄ ፈረሰኞቹን በካርቶናቸው አምጥቼ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጥሁ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጭራቸውን ይዩት ጋሼ።»

አንዱን አንሥተው ጭራውን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሐል አሹት። ዳማው ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ መቀሱን፣ ጥያቄዬን፣ ሁሉንም። ይረግሙኛል ብዬ ጎንበስ አልሁ። አልረገሙኝም።

«ጭራውስ በቅሎ ነበር» አሉ። ፈረሰኛውን ወደ ካርቶኑ መልሰው ደግሞ «ያን ቀን ጥላሁን ዓይን ዓይኔን አየኝ። አንተ ተናገርህ፤ ያመንሁት ግን እኔ ነኝ። ሂድና አምጣልኝ» አሉ።

ከኃጢአቴ ግማሹን ሊሸከሙልኝ እኮ ነው! አልሰጥም። እሳቸው ያመኑት እኔ ስላሳመንኋቸው ነው።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ፣ መኪና እየቀያየርሁ፣ በዚያ አቧራና ቁልቁለት ዓለም ከተማ ወረድሁ። ጋሽ ጥላሁን ልጃቸው እህል በምትሸጥበት በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቁጭ በል ቢሉኝ እንቢ ብዬ ቆሜ ተናገርሁ። ጨርሼ ካርቶኑን ሰጠኋቸው። ከፍተው አዩ።

«ያምራሉ» አሉኝ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ካርቶኑን ከደኑና «ስድስት ዓመት ቀልጄ አላውቅም መምህር። አፌን ፈራሁት» አሉ። ሌላ ወቀሳ አልተናገሩኝም። «ደምሴ ነፍሱ አለች?» ብለው ጠየቁ። አለች ስላቸው ዱላቸውን አንሥተው ተነሡ።

ሁለቱ ሲገናኙ እዚያው ነበርሁ። ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ዘረጉ፤ ጋሽ ጥላሁን ያዙት፤ ተላቀሱ። «ይቅር በለኝ» «ይቅር ለእግዜር» ተባባሉ። ከዚያ ጋሽ ደምሴ ዕንባቸውን ጠርገው «በል እንግዲህ፣ እስቲ እንደ ድሮው አንድ ጣል አድርግልኝ። እንዲህ ከስቼ እያየኸኝ የምትለው አጣህ?» አሉ።

ጋሽ ጥላሁን ፈገግ አሉ። አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ዞረው እኔን አዩኝና ዘጉት።

ወጣሁ። ከግድግዳው ውጭ ቆሜ ጆሮዬን ጣልሁ። ሲነጋገሩ ሰማሁ፤ ስለ በሬ፣ ስለ ዝናብ። ሳቅ ግን አልሰማሁም።

የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አውጫጩ በተቀመጠበት ደጅ ላይ ቆሜ ለሕዝቡ እናገራለሁ። ከመንደሩ ልውጣ ብዬ አስቤ ነበር፤ ተውሁት። ያፈረ ሰው ምን እንደሚሠራ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እዚሁ እያፈርሁ እኖራለሁ። ፈረሶቹንም አላቃጥልም፤ ለጠየቀ ሁሉ አሳያለሁ። የዳማውን ጭራ የቆረጥሁት እኔ ነኝ። በሰው ላይ ያላከክሁትም እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ አልልም፤ ሰዎቹ ደጎች ስለሆኑ ቢለመኑ ይሰጡኛል፣ እኔም ያችን ይቅርታ ይዤ መተኛት እጀምራለሁ። ጋሽ ጥላሁን እኔ ባለሁበት ቤት ውስጥ ሳይፈሩ እስኪቀልዱ ድረስ ይቅር ተብያለሁ ብዬ አላምንም።