ጨው ቀማሽ የጠፋበት ቤት

በሕይወቴ ስለ ክርስቲያኖች አብዝቶ ሲናገር የሰማሁት ሰው ቄስ አልነበረም፤ ጅቡቲ ላይ ወጥ ቤት አድርጎ የቀጠረኝ፣ በእግዚአብሔር የማያምነው ፈረንሳዊ ነው። የወደብ መሐንዲስ ነበር። እኛ አበሾቹ ፈረንሳዮችን ሁሉ፣ በቋንቋቸው አቶ እንደማለት፣ «ሙሴ» ስለምንል እሱንም ሙሴ አልኩት። ቀኑን ሙሉ ባሕር ዳር ቆሞ ሲውል ሳይ ግን፣ ስሙ የነቢዩ ልቡ የፈርዖን ነው እያልኩ ለብቻዬ እስቅ ነበር። አማርኛ የተማረው ሐዲዱ ሲዘረጋ ድሬዳዋ ላይ ከቀን ሠራተኞች ጋር ውሎ ነው፤ በዚህም ምክንያት ስድቡ ከሰላምታው ይልቅ የጠራ ነበር።

እኔ ወደ ጅቡቲ የወረድኩት ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባ አሥር ዓመት ያህል ሲሆነው ነው። ባሌን ድሬዳዋ ትቼ፣ አንዲት ቋጠሮ ብቻ ይዤ መጣሁ። ባሌ ጣቢያው ድረስ ተከትሎኝ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ «ዓመት ሳይሞላሽ እየተንፏቀቅሽ ትመለሻለሽ!» ብሎኛል። እንግዲህ ሥራ ማግኘት ለኔ የእንጀራ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ያ ዓመት ሞልቶ ያንን ሰው ማሳፈር ነበረብኝ።

ሙሴ የቀጠረኝ ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጦ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ዓይኑ አንገቴ ላይ ያለው ማተብ ላይ ቀረ።

«ክርስቲያን ነሽ?»

«አዎ፣ ሙሴ።»

«ትጾሚያለሽ?»

«እንዴታ!»

ፊቱን አጨማደደ። «ካንቺ በፊት የነበረው ወጥ ቤትም ይጾም ነበር። በራፍ ላይ ይጾማል፣ ከበሩ ጀርባ የኔን ሥጋ ይበላል። ከንፈሩ በስብ እያብረቀረቀ ‹በማርያም አልቀመስኩም› አለኝ። እናንተን ክርስቲያኖችን አውቃችኋለሁ፤ እናቴም ክርስቲያን ነበረች። የምትጾሙት ሰው ሲያያችሁ ነው። አንድ ቀን ስትዋሺ ከያዝኩሽ፣ ያቺን ቋጠሮሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው። ያን ሰውዬ በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ ሲጠግብ የኖረው እሱ፣ የምጠረጠረው እኔ። ሥራውን ግን ፈልጌዋለሁና «እሺ» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ረቡዕና ዓርብ በመጣ ቁጥር ሙሴ ጫማውን አውልቆ በካልሲ ማድ ቤት ድረስ ይመጣል። ሊይዘኝ ነው። አንድ ቀን ዘወር ስል በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁትና ሁለታችንም ደነገጥን። «ክብሪት ፈልጌ ነው» አለ። ክብሪቱ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ወጣ ብሎ ይታይ ነበር። ደግሞ ጥያቄው! ላሟን የፈጠረ ቅቤዋን ለምን ይከለክላል? ዓሣ እግር የለውምና ኃጢአት የለውም ወይ? እኔ ወጥ ሠራተኛ ነኝ እንጂ መምህር አይደለሁ። የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሙሴ እኔን ሲያይ እኔን አያይም፤ እናቱን፣ ያንን ሥጋ በል ወጥ ቤት፣ የሮምን ጳጳስ፣ የአክሱምን ቀሳውስት አንድ ላይ ያያል። አንዲት ሴት ብቻዬን ያን ሁሉ ሰው ተሸክሜ ሽንኩርት እከትፋለሁ።

ሁዳዴ ገባ። በጾም ጊዜ ለሌላ ሰው የፍስክ ወጥ የምትሠራ ሴት አትቀምስም፤ የማይጾም ሰው ፈልጋ ታስቀምሳለች። በዚያ ቤት የዚህ ሹመት ባለቤት ዘበኛው ነበር። ጢሙን በሂና ያቀላ ሶማሌ ሽማግሌ ነው፤ በሶማሊኛ አጎት እንደማለት «አዴር» እለዋለሁ። አዴር ሥራውን ይወደዋል። አንድ ማንኪያ ስሰጠው ዓይኑን ጨፍኖ ቆይቶ ሁልጊዜ «ጨው ያንሰዋል፣ ወላሎ» ይላል። ወላሎ እህቴ ማለቱ ነው። ጨው ሳልጨምር ሁለተኛ ማንኪያ ስሰጠው «አሁን ልኩ ነው» ይላል። ሁለተኛ ማንኪያ ፈልጎ መሆኑ ገብቶኛል፤ ግን ደስ ስለሚለው እሰጠዋለሁ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አዴር አንድ ጠዋት አፉን በእጁ ሸፍኖ መጣ። «ወላሎ፣ ትናንት ጨረቃዋ ታየች። ከዛሬ ጀምሮ ምላሴ ዝግ ነው።»

ረመዳን ገባ! በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ። ሌላ ከተማ ቢሆን በግምት ይወጡታል፤ ጅቡቲ ላይ ግን ውሃው ራሱ ጨው ነው። ውሃ ሻጩ ከአምቡሊ ጉድጓዶች በፍየል ስልቻ ሞልቶ በአህያ ያመጣል። ዛሬ ጣፋጭ ከሆነው ጉድጓድ ይቀዳል፣ ነገ ወረፋ ሲበዛበት ከጨዋማው። እኔም ያው ጨው፣ ያው ሾርባ ብዬ አቀረብኩ። ሙሴ አንድ ማንኪያ ጎርሶ ተነሣ።

«ይኼ ምንድን ነው? ባሕሩን ቀድተሽ አመጣሽው?»

«ሙሴ፣ ቀማሽ ጠፋ» አልኩት። «እኔ ሁዳዴ ላይ ነኝ፣ አዴር ረመዳን ላይ ነው።»

መጀመሪያ አፈጠጠብኝ። ቀጥሎ ሳቅ ጀመረው፤ ናፕኪኑን ዓይኑ ላይ አድርጎ ሳቀ፣ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠና እንደገና ሳቀ። «አምላካችሁ እዚህ ቤት የሁሉን አፍ ዘግቶ፣ ክፍት የተወው በእሱ የማላምነውን የኔን ብቻ ነው!» አለ። «እሺ። ነገ እኔ እቀምሳለሁ።»

ያለውን አደረገ። በማግሥቱ ረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ከወደቡ ተመለሰና ነጭ የቡሽ ባርኔጣውን እንዳደረገ ማድ ቤት ገባ። ቀመሰ፣ አሰበ፣ «በርበሬ ጨምሪ» አለ፣ ሄደ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ መጣ። ከቀን ቀን መቆየት ጀመረ፤ የድንች ጆንያው ላይ ይቀመጥና ያወራል። እናቱ በጾም ቀን ቸኮላት እንዴት እንደምትደብቅ፣ ልጅ ሆኖ ቄሱ እንዴት በጥፊ እንዳጮሉት ነገረኝ። ማታ የጾም መፍቻው አፍጥር ሲደርስ ለአዴር ተምር መላክም ለመደ። በካልሲ መምጣቱንማ ፈጽሞ ተወው። እውነቱን ለመናገር አምስት ሰዓትን መጠበቅ ጀምሬ ነበር።

ከዚያ የግብዣው ቀን መጣ። የሙሴ አለቃ ከማርሴይ በመርከብ ይገባል፤ እሑድ ቤት ምሳ ይበላል ተባለ። በግ ታፋ በወይን፣ ከነሾርባው፣ ከነመረቁ ልሠራ ነው። ሙሴ «አምስት ሰዓት መጥቼ እቀምሳለሁ» ብሎ ወደቡ ወረደ። መርከቡ ዘገየ። አምስት ሰዓት አለፈ፣ አምስት ተኩል አለፈ። መረቁ ወፈረ። ውሃ ሻጩ በዚያን ጠዋት ከየትኛው ጉድጓድ እንደቀዳ አላውቅም። እኔ ጥድፊያ ላይ ነኝ፤ ጭልፋውን አነሣሁ፣ መዳፌ ላይ ጠብ አደረግሁ፣ ላስኩት።

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ! ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ እጄ የሚያውቀውን ሠራ። ከዋጥኩት በኋላ ነው ሁዳዴ መሆኑ ትዝ ያለኝ። እዚያው ቆሜ በገዛ መዳፌ ላይ አፈጠጥኩ። ገደፍኩ፣ ለዚያውም በበግ! ከዚያ ይበልጥ የከፋው መረቁ ጨው ሆኖ ምላስ ይቆርጣል። ኃጢአቱን ለእግዚአብሔር ትቼ አራት ድንች ልጬ ከተትኩበት፤ ጨውን ይመጥጣል። አላሳፈረኝም፣ መጠጠው።

እንግዶቹ በሉ፣ ሳህኑን በዳቦ ጠረጉ። ሙሴ ደስታው አላስችለው ብሎ አለቃውንና ሌሎቹን እየመራ ማድ ቤት በር ላይ አመጣቸው። የወጥ ቤት ፈረንሳይኛዬ ያለውን ለመረዳት በቂ ነበር። «ይህቺ ሴት ይኼን ሁሉ የሠራችው ሳትቀምስ ነው! ማንም ሳያያት! እኔ ክርስቲያን ሁሉ አስመሳይ ነው ስል እንደኖርኩ ታውቃላችሁ፤ ዛሬ ግን አንዲት አሳያችኋለሁ።» አጨበጨቡልኝ።

የበጉ ጣዕም ገና አፌ ውስጥ ነበር። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ተመርቄ፣ ተከብሬ እቀመጣለሁ። ከተናገርኩ ግን እንደ ቃሉ ቋጠሮዬን ይዤ መውጣቴ ነው፤ ድሬዳዋ ጣቢያ ላይ ደግሞ ጥርሱን እያሳየ የሚጠብቀኝ ሰው አለ። በዚያች ቅጽበት የታየኝ ግን ያ ሥጋ በል ሰውዬ ነው። ከንፈሩ እያብረቀረቀ ከጎኔ የቆመ መሰለኝ።

«ሙሴ፣ ቀምሻለሁ» አልኩት በአማርኛ። «ረስቼ ነው፣ ግን ቀምሻለሁ።»

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ምን አለች?» ሲል አለቃው ጠየቀው። ከእንግዶቹ አማርኛ የሚያውቅ አልነበረም። ሙሴ «አመሰገነቻችሁ» ቢላቸው ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እሱ ግን «ቀምሻለሁ ነው ያለችው» ብሎ በትክክል ተረጎመላቸው። አለቃው «እንግዲያው ሴትዮዋ ረታችህ!» ብሎ ቤቱ እስኪናወጥ ሳቀ፤ ሁሉም ሳቁ፤ ሙሴ ብቻ አልሳቀም። እየመራ መልሶ ወሰዳቸው። የሚያየኝ አምላክ የለም የሚል ሰው፣ የሚያጋልጠው በሌለበት እውነቱን መናገሩን ልብ ያልኩት ቆይቼ ነው፤ ያኔ የማስበው ስለ ቋጠሮዬ ብቻ ነበር።

ቋጠሮዬን ከበሩ ጀርባ አውጥቼ አሰርኩ። አዴር ነገሩን ስነግረው ጢሙን እያሻሸ፣ «ነገ እስኪያባርርሽ ድረስ አትሂጂ። ሰው ሳይባረር አይሄድም» አለኝ። ምክሩ የብልህ ነው ወይስ ቀማሽነቱ እንዳይቀርበት ነው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብቻ ሰማሁት።

በማግሥቱ እንደ ወትሮዬ የምስር ሾርባውን በቅቤ ጣድኩ። ቋጠሮዬን በሩ መሐል አስቀምጬ ጠበቅሁ። ልክ አምስት ሰዓት ላይ ያ ነጭ ባርኔጣ በግቢው በር ገባ። ሙሴ ቋጠሮውን ተሻግሮ ማድ ቤት ገባና ድንች ጆንያው ላይ ተቀመጠ።

«ያንን ሰውዬ ሥጋዬን በመብላቱ አላባረርኩትም» አለ ባርኔጣውን እያወለቀ። «እኔም የሚርበኝ ሰው ነኝ። ያባረርኩት አፉን ጠርጎ ስለማለ ነው።» ቀጥሎ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሁሉ፣ «እናቴ ስለ ቸኮላቱ አንድ ቀን እንኳ ብትነግረኝ ኖሮ…» አለና ተወው። እጁን ዘረጋ። «ማንኪያ።»

ሰጠሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ቀመሰ፤ ረጅም ጊዜ ቆየ።

«ጨው ያንሰዋል» አለ።

ጨው አላነሰውም ነበር። ማንኪያውን ሞልቼ እንደገና ሰጠሁት፣ ቋጠሮዬንም በእግሬ ገፋ አድርጌ ከበሩ ጀርባ መለስኩት።