ደወሉን ማን ያጥፋ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ቢወጣ ምን ያህል ይሆናል? ሰባ አራት ዓመት ኖሮ፣ የስንቱን ደጅ አንኳኩቶ፣ የስንቱን ቁስል አጥቦ፣ በስተመጨረሻ በሌሎች እጅ የሚቀረው ስንት መስመር ነው? ስለ ቴልማ ጋርሳይድ፣ የጤና ተቋማትን የሚመረምረው የቁጥጥር መሥሪያ ቤት ቢጠየቅ መልሱ ዝግጁ ነው፤ ሁለት መስመር። «አንዲት የቤተሰብ አባል ስለ ጥሪ ምላሽ ፍጥነት አስተያየት ሰጥተዋል። ድርጅቱ ትምህርት ወስዶበታል።» ማን እንዳስተማረ፣ ማን እንደተማረ፣ ለዚያ ትምህርት የማን ሥጋ እንደ ጥቁር ሰሌዳ እንዳገለገለ የሚናገር ሦስተኛ መስመር የለም።

ቴልማ ሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሸር ውስጥ፣ በሁለት ገደላማ ኮረብቶች መሃል በተወሸቀች የሱፍ ፋብሪካ ከተማ ተወልዳ እዚያው አረጀች። ሠላሳ አንድ ዓመት ቤት ለቤት የምትዞር ነርስ ነበረች። ከታች ከወንዙ ዳር እስከ ላይኞቹ የበግ እርሻዎች ድረስ መኪናዋን የማያውቅ ውሻ አልነበረም። አላገባችም። ታናሽ ወንድሟ ኤሊስም አላገባም። ወላጆቻቸው በተዉላቸው ቤት አንድ ጣሪያ ሥር ኖሩ፤ እሷ ታበስላለች፣ እሱ ያጥባል፤ ስለዚህ ጉዳይ በአርባ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜም ተነጋግረው አያውቁም። ኤሊስ ካብ ካቢ ነበር። የእርሻ አጥሮችን ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እያስማማ ይሠራል። አንዴ ያነሣውን ድንጋይ መልሶ መሬት አያስቀምጥም ይባልለት ነበር፤ ዞሮ ዞሮ ቦታውን ያገኝለታል።

አጥንቱ ውስጥ ካንሰር ሲገኝበት ወዴት እንደሚሄድ ጥያቄ አልነበረም። ከተማው ዳር ሮዋን ቤት አለ፤ ከእንግዲህ የማይድኑ ሰዎች የመጨረሻ ሳምንቶቻቸውን ያለ ሥቃይ እንዲያሳልፉ የተሠራ ሆስፒስ። የሠራው መንግሥት አይደለም። ሕዝቡ ኬክ ጋግሮ ሸጦ፣ በዝናብ ተራራ ለተራራ ተጉዞ፣ የሟች አባቱን ኮት ለልባሽ ልብስ ሱቁ ሰጥቶ ነው ያቆመው። ቴልማ ራሷ ጡረታ ከወጣች ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ ሱቅ ሸሚዝ ትተኩስ ነበር። በዚያች ከተማ ስለ እግዚአብሔር ክፉ መናገር ይቻላል፤ ስለ ንግሥቲቱም ይቻል ነበር። ስለ ሮዋን ቤት አይቻልም።

ነገሩ የሆነው እሑድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ኤሊስ በአሥራ አንደኛው ክፍል ተኝቶ፣ ቴልማ አጠገቡ ተቀምጣ፣ ድምፁ በጠፋ ቴሌቪዥን ስኑከር የሚባለውን የጠረጴዛ ኳስ ውድድር ያያሉ። በቆዳው ሥር ማስታገሻ የምታንጠባጥብለት ትንሽ ፓምፕ ባዶ ሆና መጮኽ ጀመረች። ደወሉን ተጫነ። በሩ ላይ ቀይ መብራት በራ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ነርሷ ብሮና መጣች፤ አምሳውን ያለፈች፣ ሁሉንም የምታቆላምጥ የአየርላንድ ሴት።

«ምን ሆንክብኝ፣ የኔ ጌታ?»

«ይቺ ነገር ያለቀባት ይመስለኛል» አለ ኤሊስ በአገጩ ወደ ፓምፗ እያሳየ። «ሥራ ከያዝሽ ግን ግድ የለም።»

«መጣሁ፤ ሁለት ደቂቃ ብቻ» አለችና ወደ ራስጌው እጇን ሰድዳ የደወሉን መብራት አጥፍታ ወጣች።

የብርቱ መድኃኒት ቁም ሣጥን የሚከፈተው ሁለት ነርሶች አብረው ቆመው፣ ሁለቱም ሲፈርሙ ነው። ሕጉ ደግ ሕግ ነው፤ ቴልማም በጊዜዋ አክብራዋለች። እሑድ ግን ለአሥራ አራት አልጋ የነበሩት ሁለት ነርሶች ብቻ ናቸው፤ ሁለተኛዋም በአራተኛው ክፍል አንድ ሰው እያጣጣረ ልጆቹን ይዛ ቆማለች። ብሮና ብቻዋን ቁልፉን ይዛ መተላለፊያው ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች።

ቴልማ አራት ጊዜ ወጣች። አራቱንም ጊዜ ይቅርታ ጠየቀች። «ይቅርታ፣ ላስቸግርሽ ብዬ አይደለም።» «ይቅርታ፣ ስትችዪ ነው።» «ይቅርታ፣ ደግሞ እኔው ነኝ።» በአራተኛው ጊዜ ይቅርታ ብላ ሌላ ቃል ሳትጨምር ተመለሰች። ኤሊስ የፒጃማውን አንገትጌ አፉ ውስጥ አስገብቶ ነክሶታል።

«አትጨቅጭቂያቸው፣ ቴልማ» አላት ጨርቁን ከአፉ አውጥቶ። «ሰው የለም፣ ታያለሽ አይደል።»

«እሺ፣ ዝም ብያለሁ።»

«ማን እየመራ ነው?»

«ወፍራሙ።»

«እሱ ካሸነፈማ መድኃኒቱም አያድነኝ» አለና መልሶ ነከሰው።

ፓምፗ እስክትሞላ ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ፈጀ። በዕድሜዋ ሙሉ ሌሎችን በመርፌ ያሳረፈች ሴት፣ መድኃኒቱ ከሃያ እርምጃ የማይርቅ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት፣ ወንድሟ እንደ ውሻ ጨርቅ ሲያኝክ ቁጭ ብላ አየች። ኤሊስ ያረፈው ሐሙስ ጠዋት ነው፤ እንቅልፍ ላይ ነበር። ገላውን ብሮናና ቴልማ አብረው አጠቡት። ብሮና አለቀሰች፤ የእውነት ልቅሶ ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት ከሮዋን ቤት ፖስታ መጣ። ውስጡ የኀዘን ካርድና አንድ ገጽ መጠይቅ ነበረው። «ለወዳጅዎ የተደረገው እንክብካቤ እንዴት ነበር?» ከጥያቄው ሥር አምስት ሣጥን። የዚያ አገር ሰው ምግብ ቤት ገብቶ ያልበሰለ ዶሮ ቢቀርብለት፣ አስተናጋጁ «እንዴት ነው?» ሲለው «ግሩም ነው» ይላል፤ የሚናደደው ቤቱ ገብቶ በሩን ከዘጋ በኋላ ነው። ቴልማም የብሮናን እንባ አሰበች፤ ሐሙስን አሰበች፤ «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ከታች ክፍት መስመር ስላለና ባዶ መተዉ ነውር ስለመሰላት «ሁሉም መላእክት ናቸው» ብላ ጻፈች። ፖስታ ሣጥን ውስጥ ስትከተው ቀለል አላት።

በመከር ወራት የቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ሮዋን ቤትን መርምሮ የመጨረሻውን ከፍተኛ ደረጃ ሰጠው። በሩ ላይ ሰፊ ሸራ ተሰቀለ። ቴልማ ሪፖርቱን ከቤተ መጻሕፍት አስወጥታ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ አነበበችው። ገጽ አሥራ አንድ ላይ «ጥሪዎች በአማካይ በአራት ደቂቃ ውስጥ ምላሽ ያገኛሉ» ይላል። ቀጥሎ፤ «አንዲት እኅት ‹ሁሉም መላእክት ናቸው› ሲሉ ነግረውናል።»

ወረቀቱን ገልብጣ አስቀመጠችው። መቆጣት ልምድ ይጠይቃል፤ እሷ ልምዱ አልነበራትም። ንዴቱ መጀመሪያ የወጣው በራሷ ላይ ነው፤ በዚያ ይቅርታ በሚል ምላሷ ላይ፣ ባዶ መስመር በሚያሳፍራት እጇ ላይ። ከዚያ ቀስ ብሎ ቦታውን አገኘ።

የሮዋን ቤት ኃላፊ ሮዛሊንድ ታክሪ በሻይና በብስኩት ተቀበለቻት።

«ወይዘሪት ጋርሳይድ፣ ቅሬታዎን ስላመጡልን ከልብ አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለው ነገር ለእኛ ስጦታ ነው።»

«ስጦታ አላመጣሁም። አራት ደቂቃ የሚለውን ከየት እንዳመጣችሁት ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«ከማሽኑ ነው። ደወሉ ሲበራና ሲጠፋ በራሱ ይመዘግባል፤ የሰው እጅ የለበትም።»

«የሚያጠፋው የሰው እጅ ነው እኮ። ብሮና መጥታ አጠፋችው፤ ከዚያ ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ጠበቅን።»

ሮዛሊንድ የዚያን እሑድ መዝገብ ከኮምፒውተሯ አወጣች። አሥራ አንደኛው ክፍል፤ ሁለት ደቂቃ ከአምሳ ሴኮንድ። ማሽኑ አልዋሸም። ብሮናም አልዋሸችም። ማንም ሳይዋሽ እውነቱ ጠፍቷል፤ ቴልማን ያንገበገባት ይህ ነው። ውሸታም ቢኖር ኖሮ ጣቷን ትቀስርበት ነበር።

«ታዲያ እርስዎ በጊዜው ለምን አልነገሩንም?» አለች ሮዛሊንድ በለሰለሰ ድምፅ። «መጠይቁ ላይ እንኳ እጅግ በጣም ጥሩ ነው ያሉን።»

ቴልማ ሻዩን ሳትነካው ወጣች።

የቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ለምርመራ ሲወጣ፣ በእንዲህ ያለ ቤት የታመመ ወይም ያስታመመ ተራ ሰው አብሮ ይወስዳል። ቴልማ አመለከተች፤ ተቀበሏት። ዴዝመንድ ከሚባል ሥርዓት አክባሪ መርማሪ ጋር ሁለት ዓመት ዞረች። እሱ መዝገብ ያያል፤ እሷ አልጋ ለአልጋ እየዞረች ትጠይቃለች። መጀመሪያ ላይ ቅጹን ተከትላ «በአገልግሎቱ ረክተዋል?» ስትል ሁሉም ረክቻለሁ አላት። አንድ ቀን የቀድሞ ባቡር ነጂ የሆኑ ሀቨርሲጅ የሚባሉ ሽማግሌ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ቅጹን አጠፈችው።

«ቅሬታ አለዎት?»

«የለኝም። እነዚህን ሴቶች የሚያማ ሰው ካለ አምጪልኝ።»

«እሺ። ትናንት ደወሉን ሲጫኑ ቴሌቪዥኑ ላይ ምን ነበር?»

ሽማግሌው ፊታቸው በራ። «የፈረስ ውድድር። የዘጠኝ ተኩሉ። የኔዋ ፈረስ አምስተኛ ወጣች፤ እንደ ሴት አያቴ ነው የምትሮጠው።»

«የፈለጉት ነገር ሲደረግልዎስ ምን ነበር?»

«ያ የመዝሙር ፕሮግራም። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው» አሉ። በሁለቱ መሃል ሁለት ሰዓት እንዳለ ከራሳቸው አፍ ሰሙ። «ቅሬታ አይደለም እኮ» አሉ። «ፕሮግራሙን ስለጠየቅሽኝ ነው።»

ከዚያ ወዲያ የቴልማ ጥያቄ ይህ ሆነ። የዚያ አገር ሽማግሌ ስለ ራሱ ሥቃይ አንድ ቃል አይተነፍስም፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ምን እንደነበር ግን በደቂቃ ይነግርሃል። በሦስት ቤቶች የማሽኑንና የሽማግሌዎቹን ሰዓት ጎን ለጎን አስቀመጠች። በሦስቱም ማሽኑ ፈጣን ነበር።

የሮዋን ቤት ተራ ሲደርስ ዴዝመንድ ስልክ ደወለላት።

«እዚያ ልወስድዎ አልችልም። ወንድምዎ እዚያ ነው ያረፉት፤ ያዳላሉ ይባላል።»

«እኔን ተወኝ። ጥያቄውን ውሰደው። አራት አልጋ ጠይቅልኝ።»

«ጥያቄው ቅጹ ላይ የለም፣ ወይዘሪት ጋርሳይድ።»

«ቅጹ ላይ ጨምረዋ።»

«ቅጹ የሚሻሻለው በአምስት ዓመት አንዴ ነው። ሐሳብዎን በጽሑፍ ቢያስገቡ...»

«ስድስት ገጽ አስገብቻለሁ።»

ስድስቱ ገጽ በአዲሱ ሪፖርት ውስጥ ያ «ትምህርት ወስዶበታል» የሚለው ሁለት መስመር ሆነ። ሮዋን ቤት ከፍተኛውን ደረጃ ደገመው፤ ሸራው ታጥቦ ተመልሶ ተሰቀለ። በልባሽ ሱቁ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አንዲት ደንበኛ ሸሚዝ እያገላበጠች «መላእክትን የሚከሱት እርስዎ ነዎት አሉ» አለቻት። «እናቴ እዚያ ነው የሞተችው። ፀጉሯን ሳይቀር ይሠሩላት ነበር።»

«ይሠሩላት ነበር፤ አውቃለሁ» አለች ቴልማ። «ደወልስ ደውላ ታውቃለች?»

ሴትዮዋ ሸሚዙን ወርውራ ወጣች። በሚቀጥለው ሳምንት ለቅዳሜ በቂ ሰው እንዳለ የሚገልጽ፣ የረጅም ጊዜ አገልግሎቷን የሚያመሰግን ደብዳቤ ለቴልማ ደረሳት።

የሮዋን ቤት ወዳጆች ጉባኤ በየዓመቱ መስከረም ላይ በጸሎት ቤቱ አዳራሽ ይደረጋል። ማንኛውም አባል ሐሳብ ማቅረብ ይችላል፤ ሐሳቡ ለድምፅ የሚቀርበው ግን አንድ ሌላ አባል እጁን አውጥቶ እደግፋለሁ ካለ ብቻ ነው። በር ላይ ብሮና የቴልማን ክንድ ይዛ «ልክ ነሽ፤ ሁላችንም እናውቀዋለን» አለቻትና ገብታ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ዘጠና የሚሆን ሰው ነበር። ቴልማ ተራዋ ሲደርስ ተነሣች። ወረቀት አልያዘችም።

«በራስጌ ያለው የነርሶች ማጥፊያ ይነሣ። የደወሉን መብራት የሚያጠፋው የደወለው ሰው ብቻ ይሁን፤ የጠራበት ነገር ከተፈጸመለት በኋላ። ሐሳቤ ይኸው ነው።»

«እጃቸው የማይታዘዝላቸው ሕሙማንስ?» አለች ሮዛሊንድ ከመድረኩ።

«አጠገባቸው ያለ ዘመድ ያጥፋላቸው። ማንም ከሌለ ደግሞ ይብራ። መብራት ማንን ገደለ?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና ሳቁን ዋጠ። ሰብሳቢው መነጽሩን አስተካክሎ «ሐሳቡን የሚደግፍ አለ?» አለ።

አባቱን እዚያ ያስታመመ፣ ሚስቱን እዚያ ያጣ፣ መተላለፊያው ላይ ቆሞ ይቅርታ ያለ ሁሉ እዚያ አለ። ቴልማ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየችው። የስንቶቹን እናት ቁስል በእጇ አጥባለች። ብሮና ጉልበቷ ላይ ያለውን ቦርሳ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

«ደጋፊ ባለመገኘቱ ሐሳቡ ወድቋል» አለ ሰብሳቢው። «ወይዘሪት ጋርሳይድን ለዘመናት አገልግሎታቸው እናመስግን።»

አጨበጨቡላት። ሞቅ አድርገው፣ ከልብ፣ ዘጠናውም። ቴልማ አልተቀመጠችም። ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀችና ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ተናገረች።

«ጭብጨባችሁን ወደዚያ በሉት። የምለምናችሁ አንድ እጅ ነው። ከዘጠና ሰው አንድ እጅ አውጡልኝ።»

ያጨበጨቡት እጆች ሁሉ ወደየጭኑ ተመለሱ።